በጓንጉል የተቆለፈ እሳት

ጓንጉል ቁልፉ አሁንም እንደተቆለፈ ነው። በሩ ግን ከነማጠፊያው ተገንጥሎ ጓሮው ውስጥ ተጋድሟል፤ ጓንጉሉ ከተነቀለው ብረት ላይ ተንጠልጥሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ጥርሱን እንደነከሰ ቀርቷል።

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ በእስክሪብቶው ጫፍ ገፋ አደረገው።

“የክፍሏ ባለቤት ባል ጭሱን አይቶ ሲደርስ በሩ ተቆልፎ ነበር። በብረት ፈልቅቆ ነው የገባው” አለ።

“ስለዚህ የለኮሰው ሰው ቁልፍ አለው” አለች ሳጅኗ። “ገባ፣ ለኮሰ፣ ቆልፎ ወጣ። ሰው ቶሎ እንዳይደርስ።”

“ቀስ በይ እንጂ፣ ልጄ።”

ሳጅኗ ፈገግታዋን ዋጠች። ጣቢያው ውስጥ ኢንስፔክተሩን ሁሉም ሰው ከኋላው “እንቁላል” ነው የሚለው። አንድም “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ሳይል የሚውልበት ቀን ስለሌለ፣ አንድም ራሱ ላይ ፀጉር የሚባል ነገር ስላልቀረ። እሱም አልጠፋውም። አንድ ቀን ስልክ አንስቶ “አቤት፣ እንቁላል ነኝ” ብሏል እየተባለ ይወራል።

ከቤቱ ጀርባ ያለችው ይህች ክፍል ድሮ ዕቃ ማስቀመጫ ነበረች። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንዲት ትንሽ መስኮት፣ የሲሚንቶ ወለል። ባለቤቷ፣ የቤቱ ምራት፣ መነጽር ቤት ትሠራለች፤ ለሰው ዐይን የሚሆን መስታወት ስትሞርድ ትውልና ከሥራ መልስ እዚህ ገብታ የሰው ፊት በወረቀት ላይ ታትማለች። አሁን ጣሪያው ጥቀርሻ ለብሷል። ጠረጴዛው ግማሽ ጎኑ ከሰል ሆኗል። ግድግዳው ላይ ከተለጠፉት ፊቶች እሳቱ የተወው አንድ ቦታ ጆሮ፣ አንድ ቦታ ግማሽ ፈገግታ ብቻ ነው።

ክፉኛ የነደደው ከጠረጴዛው ሥር ያለው ጥግ ነበር። ኢንስፔክተሩ እዚያ ተንበርክኮ፣ የካርቶን ቅርጽ ይዞ የከሰለውን ክምር ሲመለከት ቆየ። ሳጅኗ ግን ውጭ ውጭውን ታያለች። ከጎረቤት አጥር ሥር ክዳኑ የላላ ጀሪካን ቆሟል። ሄዳ አሸተተችው።

“ነጭ ጋዝ ነው፣ ኢንስፔክተር!”

“የቀለም ዕቃቸውን የሚያጸዱበት ይሆናል።”

“ታዲያ አጥር ሥር ምን ይሠራል?”

ኢንስፔክተሩ ከጥጉ ተነሣ። ወጥቶ ጓሮውን ቃኘ። ከአጥሩ እስከ ቤቱ ግድግዳ የተወጠረው የልብስ ማስጫ ገመድ ባዶ ነው። መቆንጠጫዎቹ አንድም ሳይቀር በትንሽ ከረጢት ተሰብስበው ከገመዱ ጫፍ ተንጠልጥለዋል። ጀሪካኑንም፣ ከጥጉ የተረፈውንም ክምር ለምርመራ ወደ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ልኮ፣ እሱ ባልየው ወደተኛበት ሐኪም ቤት ሄደ።

ባልየው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። በየቤቱ እየዞረ ሲያነብ ሳይቀልድ የሚያልፈው በር የለም። አሁን ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ጉሮሮው በጭስ ተዘግቶ ተኝቷል። ሐኪሙ “ይተርፋል” ብሏል፤ “ግን እንዳይናገር። ለጊዜው አንድም ቃል።”

ኮሪደሩ ውስጥ አማትና ምራት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አንደኛዋ ከዚያ ጫፍ ሌላኛዋ ከዚህ ጫፍ ተቀምጠዋል። ኢንስፔክተሩ ምራቲቱን ለብቻዋ ጠራት። ጥቀርሻ ፊቷ ላይ ደርቆ፣ እንባ በመሃሉ መንገድ አውጥቶበታል።

“የክፍሏ ቁልፍ ስንት ነው፣ እህቴ?”

“አንድ።”

“ማን ጋ ነው?”

“እኔ ጋ።” ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ቁልፉን ለማግኘት ሻርፕ፣ ደረሰኝ፣ ማበጠሪያ፣ ሌላም ሌላም ተጨናንቆ የተጠቀጠቀውን ሁሉ መበርበር ነበረባት።

“አንቺስ የት ዋልሽ?”

“ጠዋት ከቤት እንደወጣሁ የምሠራበት ሱቅ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ሰው ደውሎ ‘ቤትሽ ተቃጠለ’ እስኪለኝ ድረስ አልወጣሁም። አለቃዬን ጠይቋት።”

“የሚጠላሽ ሰው አለ?”

ወደ አግዳሚው ወንበር በዐይኗ ሄዳ ተመለሰች። “የለም” አለች።

አማቲቱ ግን ሳይጠየቁ ከወንበራቸው ሆነው መለሱ። “ሻለቃ አለ እንጂ! ያ ጎረቤታችን! ‘ይሄን ቤት አንድ ቀን እኔው ነኝ የማነደው’ ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።”

ኢንስፔክተሩ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። “እርሱን እደርስበታለሁ፣ እማማ። እርስዎና ምራትዎም ትናንት ተጣልታችኋል ይባላል።”

“አልተጣላንም። ተኳረፍን።”

“በምን?”

“ፊቴን ገለበጠችዋ!” ግራ ጉንጫቸውን አዞሩለት፤ ማርያም የሳመቻቸው ምልክት ጠቆር ብላ ትታያለች። “ይኸው እዚህ ነች። እሷ አተምኩልዎ ብላ ስታመጣልኝ ቀኙ ላይ አድርጋዋለች። ‘ሲታተም ይገለበጣል፣ እማማ’ ትለኛለች። ዛሬ ማታ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ሥራዋን ሊያዩ ይመጡ ነበር። የተገለበጠ ሰው ለእንግዳ ይታያል?”

“ወደ ክፍሏ ይገባሉ እንዴ?”

“እኔ? እግሬንም አላስገባ! የቀለሙ ሽታ ራሴን ይፈልጠዋል።” ይህን ሲሉ ባዶ የመድኃኒት ላስቲክ ከረጢት ጉልበታቸው ላይ ዳምጠው፣ አጥፈው፣ የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። “ማልጄ የቤቱን ሥራ ጨረስኩና እህቴ ጋ ሄድኩ። እዚያው እያለሁ ነው መርዶ የመሰለ ነገር የደረሰኝ።”

“ምራትዎ ታደርገዋለች ብለው ይጠረጥራሉ?”

አሮጊቷ ቀና አሉ። ቅድም ሲያማርሩ የነበሩት ሴት አይመስሉም። “እሷ? ክብሪት ስትጭር እንኳ ዐይኗን ጨፍና ነው! ልጄን ከእኔ እኩል ነው የምትወደው። ባንጣላ ነበር የሚገርመው፤ አንድ ሰው ለሁለት ይዘን።”

ሻለቃ ወታደር ሆነው አያውቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስታ ቤት ማኅተም ሲመቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ማዕረግ የሰጣቸው በጩኸታቸው ነው። በሩን ሲከፍቱ ሳጅኗ የኢንስፔክተሩን ክንድ ያዘች። የሰውዬው አንድ ቅንድብ የለም።

“ምን ነካዎት?” አለች ሳጅኗ።

“ምድጃ ላይ ጎንበስ ብዬ።”

“መቼ?”

“ጎንበስ ባልኩ ጊዜ ነዋ!”

“የነጭ ጋዝ ጀሪካን አጥርዎ ሥር አግኝተናል።”

“አጥሩ የጋራ ነው።”

“ቤቱን አነዳለሁ ብለው ዝተዋል?”

“አዎ፣ ብያለሁ!” ሻለቃ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። “ጋዙ ሸተተኝ፣ ዘይቱ ሸተተኝ፣ ያቺ ልጅ መስኮቴ ሥር ወረቀት በማንኪያ ጀርባ ስትፈትግ ሻር ሻር እያለ እንቅልፌን ነሳኝ! ብያለሁ! ባልኩት ሁሉ ቢነድ ኖሮ ይህ ሰፈር ዛሬ ሜዳ ነበር!”

በሩን ዘጉባቸው። ሳጅኗ ደብተሯን ከፍታ “ይህን ጉዳይ ጨረስነው” አለች። “ዛቻ አለ፣ ጋዝ አለ፣ የተቃጠለ ቅንድብ አለ። የዋለበትን የሚመሰክርለት ሰው ደግሞ የለም።”

“ቁልፍስ አለው?”

ሳጅኗ ደብተሯን መልሳ ዘጋችው።

በማግስቱ ሐኪሙ ለጥቂት ደቂቃ ፈቀደ። ቆጣሪ አንባቢው ዐይኑ ቀልቷል፤ ፊቱ ላይ የቃጠሎ ቅባት ተለቅልቋል። ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተጠጋው።

“አትናገር። አዎ ከሆነ ዐይንህን ጨፍንልኝ። እሳቱን ማን እንዳስነሣው ታውቃለህ?”

ዐይኑ አልተጨፈነም።

“ስትገባ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ነበር?”

አልነበረም።

“ለምን ገባህ ታዲያ? ሥራዎቿን ልታወጣ?”

ጨፈነ፤ ሲገልጥ እንባ አብሮ ወጣ። ሥራዎቿን ማውጣት እንዳልቻለ ለኢንስፔክተሩ ገባው።

“ከዚያ ወደቅህ። ሰው አወጣህ?”

ጨፈነ።

ኢንስፔክተሩ ትንሽ አሰበና “ቅንድብ የሌለው ሰው?” አለ።

ቆጣሪ አንባቢው ትከሻው እስኪነቃነቅ በዝምታ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ነርሷም ሮጣ መጥታ ኢንስፔክተሩን አስወጣችው።

በዚህ ጊዜ ሻለቃ በሩን ሲከፍቱ አልጮኹም። ኢንስፔክተሩ “ለምን አልነገሩንም?” ሲላቸው ወደ ውስጥ ሳቡትና አንሾካሾኩ።

“ልጄ እንዳትሰማ። ልቤን ከታከምኩ ወዲህ ደረጃ እንኳ እንዳልወጣ ከልክላኛለች። አጥር ዘልዬ ሰው ተሸክሜ ወጣሁ ብላት በነጋታው ከነአልጋዬ ጭና ቤቷ ትወስደኛለች። እኔ ደግሞ እዚህ መጮህ ለምጃለሁ።”

“ጀሪካኑንም እርስዎ ነዎት ያወጡት?”

“መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ልጁን። ጀሪካኑ በሩ ጋ ነበር፣ ሙሉ እንደሆነ። እሳቱ ቢደርስበት ሁላችንም አልቀን ነበር። እሳቱ ያኔ ጠረጴዛው ሥር፣ ጥጉ ላይ ነበር።”

“ሙሉ እንደሆነ?”

“ክንዴ እስካሁን ያመኛል አይደል እንዴ!”

ስለዚህ በጋዝ አልተለኮሰም። ሳጅኗ ወደ መኪናው ሲመለሱ ተክዛ ነበር። “አንድ ተጠርጣሪ ነበረኝ፣ እሱም ጀግና ሆነብኝ” አለች።

የእሳት አደጋ ኃላፊዋ ከጥጉ የተነሣውን ክምር ጋዜጣ ላይ ዘርግታ ጠበቀቻቸው። ጓንቷን እንዳጠለቀች የከሰለውን ንብርብር በጥንቃቄ ገለጠች።

“ጨርቅ ነው። ቀለም የተወለወለበት የጥጥ ጨርቅ። ክብሪት የለ፣ ሻማ የለ፣ የኤሌክትሪክ ገመድም በዚያ በኩል አያልፍም። ግን የተልባ ዘይት አለው። ቀለም ለማቅጠን ይጠቀሙበታል።”

“እና?” አለች ሳጅኗ።

“የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል። ጨርቁ ተዘርግቶ ከደረቀ ሙቀቱ ወደ አየር ይሄዳል፤ ማንም ልብ አይለውም። አንድ ላይ ከታጨቀ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። እየጋለ፣ እየጋለ ይሄድና ራሱን በራሱ ይለኩሳል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በፀሐይ፣ በተዘጋ ክፍል ደግሞ ይብሳል።”

“ምን ያህል ይፈጃል?”

“ሰዓታት። ጠዋት ታጭቆ ከሰዓት በኋላ ሊነድ ይችላል።”

ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ተያዩ። ከሰዓት በኋላ ማን የት እንደነበረ ያጠራቀሙት ወሬ ሁሉ በአንድ አፍታ ዋጋ አጣ። እሳቱን ያስነሣው እጅ እሳቱ ሲነሣ ከቦታው ከሄደ ቆይቷል።

ኢንስፔክተሩ ከክምሩ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ተጣብቃ አየር ስላላገኘች ያልነደደች አንዲት ጨርቅ አነሣ። ጠርዟ ከጠርዟ ልክ ገጥሞ፣ አራት ተደርጋ ታጥፋለች። እያገላበጠ አያት።

“ምን አገኙ?” አለች ሳጅኗ።

“ገና ነው። መነጽር ሠሪዋን ሥራዋን እንድታሳየን እንጠይቃት።”

የቤቱ ወጥ ቤት ጠባብና ንጹሕ ነው። መነጽር ሠሪዋ ከእሳቱ የተረፈ ሮለርና አንድ ቱቦ ጥቁር ቀለም ከመሳቢያ አወጣች።  እጅጌዋን ሰብስባ ሥራ ጀመረች።

“ይኼ ከግራር የሚወጣ ሙጫ ነው” አለች፤ በውሃ የሟሟው ሙጫ እንደ ስስ ማር ነው። መስታወት ላይ ቀባችና የአንድ ፎቶ ኮፒ የተነሣበትን ወረቀት በላዩ አነጠፈች፤ ከላይም በስፖንጅ ሙጫውን አለበሰችው። “ነጩ ወረቀት ሙጫውንና ውሃውን ጠጥቶ ይጠግባል። ጥቁሩ፣ የፎቶ ኮፒው ቀለም፣ ቅባት ነገር ስለሆነ ውሃ አይቀበልም። ሌላ ሰው ይህን በድንጋይ ላይ ይሠራዋል፤ ሊቶግራፊ ይባላል። እኔ ድንጋይ ከየት አመጣለሁ? በወረቀት እሠራዋለሁ።”

“ቀለሙስ?”

“የዘይት ቀለም ነው። ውሃ የጠጣውን ቦታ ይሸሸዋል፤ ቅባቱ ላይ ይቀመጣል።” ቀለሙን በተልባ ዘይት አቀጠነች። “ወፍራም ከሆነ ወረቀቱን ይቀደዋል። እንደ ሕፃን ፊት ቀስ ተብሎ ነው።”

ሮለሩ አለፈበት። ወረቀቱ በሙሉ ጠቆረ፤ ሳጅኗ “ተበላሸ!” ብላ ጮኸች። መነጽር ሠሪዋ ግን ሙጫ በነከረችው ስፖንጅ ጠረግ ጠረግ አደረገችው፤ ያልሆነ ቦታ የያዘው ቀለም ተነሥቶ ሄደና ፊት ብቻ ቀረ። ደግማ ቀለም፣ ደግማ ስፖንጅ። ሳጅኗ እጇን አጣምራ በሩ ጋ ቆማ ነበር፤ ሳታውቀው ጠረጴዛው ጋ ደርሳለች።

“ማንኪያ ታቀብይኛለሽ? ከቁም ሳጥኑ።”

ሳጅኗ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ማንኪያ አወጣች። ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለችውን ትንሽ ቁልፍም አየች፤ ለኢንስፔክተሩ በዐይኗ አሳየችው። እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ለጊዜው እንዳትናገር።

መነጽር ሠሪዋ ቀለም የያዘውን ወረቀት በእርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ደፍታ ጀርባውን በማንኪያ ፈተገችው። አንዱን ጥግ ይዛ ስታነሣው የአማቷ ፊት ወጣ። ማርያም የሳመቻቸው ምልክት በግራ ጉንጫቸው ነበረች።

“ቦታዋ ተመለሰች” አለ ኢንስፔክተሩ።

“ያን ጠዋት ሱቃችን ባለው ኮፒ ማሽን ነው ፎቶውን ግራና ቀኙን አስገልብጬ ያስነሣሁት። ተገልብጦ ሲታተም ይቃናል። ማታ ከእንግዶቹ በፊት ለእማማ ላሳያቸው ነበር።”

ሮለሩንና መስታወቱን በጨርቅ ወለወለች። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ጓሮ ወጣችና ጨርቆቹን አንድ በአንድ ዘርግታ ገመዱ ላይ በመቆንጠጫ አሰጣቻቸው። ኢንስፔክተሩ ተከትሏት ወጣ።

“ቆሻሻ ጨርቅ ለምን ትሰቅያለሽ? ሰብስበሽ አታስቀምጪውም?”

እጇ መቆንጠጫ እንደያዘ ቆመ። “ሲታጨቅ ይግላል” አለች ቀስ ብላ። “ሥራውን ያስተማረችኝ ሴት መጀመሪያ የነገረችኝ ይህንን ነው።”

“ትናንት ጠዋትም ተሰቅሎ ነበር?”

ጨርቁን ገመዱ ላይ አስተካከለች። “አይ” አለች። “ቸኮልኩ። ካርቶን ውስጥ ጠቀጠቅኳቸው። ጥፋቱ የኔ ነው።”

“አደጋውን እያወቅሽ?” አለች ሳጅኗ። “ባልሽ እዚያ እንደሚገባም እያወቅሽ? ለምን ቁልፍ አንድ ነው አልሽን? ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሌላ አለ።”

መነጽር ሠሪዋ ገመዱን ያዘች። “በቃ፣ እኔ ነኝ። ጻፉት።”

ጣቢያ ወሰዷት። ሳጅኗ የተሰቀለችውን ቁልፍ በጓንጉሉ ላይ ሞከረቻት፤ ከፈተችው። ኢንስፔክተሩ መነጽር ሠሪዋን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ ከእሳቱ የተረፈችውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

“ይህችን ያጠፍሽው አንቺ ነሽ?”

“አዎ።”

“ቅድም ጠቀጠቅኩ ነበር ያልሽው።”

ጨርቋን ወደ ራሷ ሳበች።

“ልጄ፣ ቦርሳሽን ስትከፍቺ አይቻለሁ። አንቺ ሻርፕሽን እንኳ አታጥፊም። መቆንጠጫዎቹም እንደዚያ ተለቅመው ከረጢት የገቡት በአንቺ እጅ አይደለም።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ገመዱ ባዶ መሆኑን ያየሽው መቼ ነው?”

መነጽር ሠሪዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። “ከሱቅ ሮጬ ስደርስ። ገና እሳቱ ሳይጠፋ። ገመዱን አየሁና ገባኝ።” ከዚያ ቀና ብላ ለመነችው። “ለእማማ አይንገሯቸው። እዚያ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ያንን ክፍል ረግጠውት አያውቁም። አንዴ ገቡ፣ እሱም ለኔ በጎ ለማድረግ። በገዛ እጃቸው ልጃቸውን እንዳቃጠሉ ቢያውቁ ይሞታሉ። እኔ ልታሰር፤ እወጣለሁ።”

ኢንስፔክተሩ ሊመልስ አፉን ሲከፍት በሩ ተበርግዶ አማቲቱ ገቡ። አንድ ፖሊስ ከኋላ ሊይዛቸው ይሞክራል፤ ነጠላቸው በእጁ ቀርቷል።

“ፍቷት!” አሉ። “እኔ ነኝ የለኮስኩት!”

“እማማ!” አለች ምራቲቱ።

“አንቺ ዝም በይ! ክብሪት ጭሬ ለኮስኩት። ተናድጄ። ጻፍ፣ አንተ!”

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶ አላነሣም። “የቱ ጋ ለኮሱት?”

“መጋረጃው ላይ።”

“ክፍሏ መጋረጃ የላትም።”

አሮጊቷ ትንሽ ተንገዳገዱ። “እንግዲህ... ያለው ነገር ላይ ነዋ!”

ሳጅኗ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ኢንስፔክተሩ ተነሥቶ ወንበሩን ለአሮጊቷ ለቀቀ፤ እሱ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተደግፎ ቆመ።

“እማማ፣ ያን ጠዋት እህትዎ ጋ ከመሄድዎ በፊት ክፍሏን አጽድተው ነበር?”

አተኩረው አዩትና አንገታቸውን ደፉ። “ማን ነገረህ?”

“ጨርቁ።”

“እንግዳ ይመጣባታል” አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። “ክፍሉ ሰው የሚያስገቡበት አይደለም። ጓሮው ላይ ደግሞ ያ ሁሉ ቡትቶ ተሰቅሎ። ሰው ምን ይላል አልኩ። ቁልፉን ከሚስማሩ አንስቼ ገባሁ። ጠረግኩ፣ መስታወቷን ወለወልኩ፣ ጨርቆቿን አጣጥፌ በካርቶን ከተትኩላት። ከዚያ ቆልፌ ቁልፉን መለስኩ። እንዳታውቅብኝ።”

“ለምን እንዳታውቅ?”

“ታረቀች ትለኛለቻ!”

ማንም አልሳቀም። አሮጊቷ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ተመለከቱ። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ጨርቅ አዩ፤ የራሳቸውን እጥፋት ለዩት።

“ይህን ከእሳቱ ጋር ምን ያገናኘዋል?”

ኢንስፔክተሩ ብዙ ሰው መርዶ አርድቷል። ይህኛው ከበደው። ዘይቱ እንዴት እንደሚግል፣ ጨርቅ ሲታጨቅ ምን እንደሚሆን፣ በቀላል ቃል፣ ሳይቸኩል ነገራቸው። 

“እንግዲያ ልጄን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ?”

“ወንጀል የሠራ ሰው የለም፣ እማማ። አደጋ ነው።”

“ወንጀሉን አልጠየቅኩህም።”

መነጽር ሠሪዋ ወንበሯን ገፍታ ተነሣችና አማቷ እግር ሥር ቁጢጥ አለች።

“ያስታውሱ እንደሆነ፣ እማማ፣ በበጋው ‘ይሄን ቡትቶ ለምን ትሰቅይዋለሽ?’ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እኔም አኩርፌ ስለነበር ‘እንዲሁ ነው’ ብዬ አለፍኩ። አንድ ቃል ብነግርዎ ኖሮ ዛሬ እዚህ አንቀመጥም። እርስዎ ሳያውቁ ነው። እኔ እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት።”

“ቁልፉንም ዋሸሽ፣ ለኔ ብለሽ?”

“ዋሸሁ።”

“ልትታሰሪልኝ?”

“እርስዎስ ምን ሊያደርጉ ነው የመጡት?”

አሮጊቷ የምራታቸውን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጉልበታቸው ሳቡት። ለረጅም ጊዜ አለቀሱ፤ መጀመሪያ አንደኛዋ፣ ከዚያ ሁለቱም። ሳጅኗ ከመስኮቱ አልዞረችም። ኢንስፔክተሩ ደግሞ ድንገት ኮሪደሩ ውስጥ ብርቱ ጉዳይ ያለው ይመስል ወጣ።

መዝገቡ ላይ “አደጋ” ተብሎ ተጻፈና ተዘጋ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አሮጊቷ “ለልጄ ማንም እንዳይነግርብኝ፤ እኔው ነኝ የምነግረው” አሉ። ኢንስፔክተሩ በራሱ መኪና ወሰዳቸው። መንገዱን ሙሉ ምራታቸው እጃቸውን እንደያዘች ነበር።

ቆጣሪ አንባቢው ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። እናቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ከገመዱ ጀምረው፣ ከመቆንጠጫው፣ ከመጥረጊያው፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። ራሳቸውን ለመከላከል አንድ ቃል አልጨመሩም። ሲጨርሱ “ይቅር በለኝ ልበልህ ወይስ ውጪ ትለኛለህ፣ አንተው ፍረድ” አሉ።

ልጃቸው አያቸው። ሚስቱን አየ። ከዚያ ሐኪሙ የከለከለውን ጉሮሮ ጠራርጎ፣ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ በሚል ድምፅ ተናገረ።

“እማ...”

“ወዬ፣ የኔ ጌታ።”

“አንዲት ክፍል አጽድተሽ ይሄን ካደረግሽ... ቤቱን ሙሉ ብታጸጂው ከተማው ላይተርፍ ነበር።”

አሮጊቷ ሊመቱት እጃቸውን አነሡ፤ ፋሻ የሌለበት ቦታ ፈለጉ፣ አጡ። ብርድ ልብሱ ላይ የእግሩን ጣት ያዙና እየሳቁም እያለቀሱም ነቀነቁት። ምራቲቱ ግድግዳውን ተደግፋ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ባልየው በሳልና በሳቅ መሃል ሊቀጥል ይሞክራል፤ ሁለቱም አንድ ላይ “ዝም በል!” ይሉታል።

ነርሷ ድምፁን ሰምታ ከኮሪደሩ ማዶ እየሮጠች መጣች። ኢንስፔክተሩ በሩን ዘግቶ ከፊቱ ቆመ።

“በሽተኛው እያወራ ነው!” አለች ተቆጥታ። “ማን ነው ያናገረው?”

ኢንስፔክተሩ አላመነታም።

“እኔ ነኝ” አለ። “ጥፋቱ የኔ ነው፣ እህቴ።”